የተጠገነው ሁሉ ቤቱ ሄዷል

ሰኞ

ሊመጡ ነው።

ሦስተኛውን ክፍለ ጊዜ እያስተማርኩ ዳይሬክተሩ በሩ ላይ ብቅ አለና በጣቱ ጠራኝ። ኮሪደር ላይ አቁሞኝ፣ «ድጋፉን የሰጡሽ ሰዎች ወሩ ሳያልቅ ሊጎበኙን ነው። ካማራቸው ለሚቀጥለውም ዓመት ይሰጡናል። ካላማራቸው ግን…» አለና ወደ ደረጃው ሥር አየ። መጨረስ አላስፈለገውም። ካላማራቸው ክፍሌ ተመልሶ የተሰባበረ ዴስክ ማጎሪያ ይሆናል።

ተመልሼ ጠመኔዬን ሳነሳ የቱ ጋ እንዳቆምኩ ጠፋኝ። ልጆቹ ናቸው ያስታወሱኝ።

ሰኞ ማታ

እማዬ ተኝታለች። እኔ እንቅልፍ በዓይኔ ሊዞር አልቻለም። እስቲ ከመጀመሪያው ልጻፈው፤ ለራሴም ይጥራልኝ።

አምና አንድ ድርጅት ክፍል ውስጥ አዲስ ነገር ለሚሞክሩ መምህራን ድጋፍ እሰጣለሁ ብሎ አስነገረ። እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ልጆቼ የኤሌክትሪክን ሕግ እንደ ውሃ ይጠጡታል፤ የቤታቸው መብራት ሲጠፋ ግን ጎረቤት ነው የሚጠሩት። እና አመለከትኩ። ሰፈሩ የተበላሸበትን ዕቃ ያምጣ፤ ልጆቹ ይክፈቱት፤ ይማሩበት፤ ከቻሉ ጠግነው በነፃ ለባለቤቱ ይመልሱ አልኩ። መምህራን ማረፊያ ውስጥ በምናስተምረው ትምህርት ነው የምንጠራራው። ኬሚስትሪ ማመልከቻዬን አይቶ፣ «ፊዚክስ፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ!» ብሎ ሰውን ሁሉ አሳቀብኝ። ድጋፉ ሲፈቀድልኝ ደግሞ ያ ቀልዱ እንዳይነሳበት ሳምንቱን ሙሉ ስለ አየር ጠባይ ብቻ ነበር የሚያወራኝ።

ረጅም ጠረጴዛ ገዛሁ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቴስተር፣ መበየጃ። ከደረጃው ሥር ያለውን መጋዘን ከልጆቹ ጋር አጽድተን ግድግዳውን ቀባነው። ግድግዳው ላይ በራሴ እጅ፣ በትልቁ፣ ማመልከቻዬ ላይ የነበረውን የክፍሉን ሕግ ጻፍኩ፦ «አላውቅም። ከፍተን እንየው።» ማንም ልጅ ዕቃ ከመክፈቱ በፊት ይቺን ጮክ ብሎ ማለት አለበት። የድርጅቷ ሴትዮ ያኔ ስልክ ደውላልኝ፣ «በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው ያሸነፍሽን» ብላኛለች። ይቺን ስልክ ስንት ጊዜ ለስንት ሰው እንዳወራሁ እኔና እግዜር ነን የምናውቀው።

የተበላሸው የእማዬ ሬድዮ ዛሬም አልተሠራም። ነገ ይዤው እሄዳለሁ።

ማክሰኞ

መደርደሪያውን አየሁት። ወይ ጉዴ!

ባዶ ነው።

ማክሰኞ፣ በምሳ ሰዓት

ፈጽሞ ባዶ ነው ማለቴ አይደለም። ክንፏ የተሰበረ ቬንትሌተር አለች። የተቃጠለ ምድጃ አለ። ሦስት ጊዜ ከፍተን ሦስት ጊዜ ያሸነፈን ግራጫ ቴፕ አለ። ሌላው የለም። ለካ የጠገንነውን ሁሉ መልሰናል! ሰው ዕቃውን ይወስዳል፤ አመስግኖ ይሄዳል። እኛ ጋ የሚቀረው ያልቻልነው ብቻ ነው።

ዓመት ሙሉ ሠርተን የምናሳየው ውድቀታችንን ብቻ ሊሆን ነው። ይሄ ሳይታየኝ መክረሙ፣ እኔን ብሎ አስተማሪ!

ረቡዕ

ለዳይሬክተሩ ነገርኩት። ጎበዝ ሰው ነው፤ አይጮህም። ብቻ እጁን ኪሱ ከቶ መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች ቃኘው።

«የተጠገነው የታለ?»

«ቤቱ ሄዷል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ውላችን እንደዚያ ነው።»

«መምህርት፣ እንግዳ በባዶ መደርደሪያ አይቀበሉም» አለኝ። «የባለቤቴ ወንድም ሱቅ አለው። ካውያ በይ፣ ቬንትሌተር በይ፣ የጠረጴዛ መብራት በይ፣ ለአንድ ቀን ያውሰናል። ልጆቹ የጠገኑት ነው እንላለን። ጠግነው የለ እንዴ? የጠገኑት እዚህ አለመሆኑ ብቻ ነው።»

«እስቲ ላስብበት» አልኩት። እምቢ ማለቴ ነበር። እሱ እሺ ያልኩ መስሎት ትከሻዬን ቸብ አድርጎኝ ሄደ። ነገ እነግረዋለሁ።

ሐሙስ

አልነገርኩትም። ስብሰባ ላይ ነበር።

ዓርብ ማታ

ዛሬ ስለ ቆይ-ቆይ ልጻፍ፤ ሌላውን ማሰብ አልፈልግም።

ስሟ ሌላ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ሁሉ የሚያውቃት ግን በዚህ ነው። ጥያቄ ስትጠየቅ «ቆይ… ቆይ…» ሳትል መልስ አትሰጥም። ቆይ ስትል ሌላው ቀድሟት ይመልሳል፤ እሷ ትቀመጣለች። ፈተና ላይም ጊዜ ያልቅባታል። ከክፍሉ መጨረሻዎቹ ናት። የሒሳቡ አስተማሪ፣ «ይቺን ልጅ ቆይ ብዬ ቆይቼ ጡረታ መውጣቴ ነው» ይላል።

ከደረጃው ሥር ስትገባ ግን ሌላ ሰው ናት። እጇ አይንቀጠቀጥም። የፈታችውን ብሎን በወረቀት ላይ በወጣበት ቅደም ተከተል ትደረድራለች። የምታድገው አክስቷ ጋ ነው። አክስቷ የሰው ልብስ አጥባ ተኩሳ ነው የሚኖሩት። መጀመሪያ ወደ ክፍሉ የመጣው ዕቃ የአክስቷ ካውያ ነበር። እጀታው ቀልጦ፣ ገመዱ ተበልቶ፣ ጠጋኙ ሁሉ «ጣይው» ያለው። ቆይ-ቆይ ሳምንት ታገለችው። የሞቀ ዕለት መዳፏን ከላዩ ራቅ አድርጋ ዘርግታ ቆመች፤ ማናችንም አልተነፈስንም። ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍሉን ዘግታ የምትወጣው እሷ ናት።

እማዬ ከመኝታዋ፣ «ሬድዮዬስ?» አለችኝ አሁን። «ከአባትሽ ይልቅ እሱ ነው ያዋራኝ እኮ።» ሳቅኩ። ሰኞ፣ እማዬ፣ ሰኞ።

ሰኞ

ሬድዮውን ረሳሁት። በር ላይ አስቀምጬው ወጣሁ።

ዛሬ ከደረጃው ሥር ልምምድ ጀመርን። ትርኢት አይደለም፤ ልጆቹ እንዳይደናገጡ ነው። ሴትዮዋ ስትመጣ አንድ ትምህርት አስተምራለሁ፤ እጠይቃለሁ፤ ይመልሳሉ። ያቺን የድሮዋን ዘዴ አስተማርኳቸው፦ ሁላችሁም እጅ አውጡ፤ መልሱን የምታውቁ ቀኝ እጃችሁን፤ የማታውቁ ግራ እጃችሁን። እኔ ቀኙን ብቻ እጠራለሁ። እንግዳ ሲያይ ክፍሉ ሁሉ አዋቂ ነው፤ ያላወቀውም አያፍርም። እኛም እንደዚሁ ነው ያደግነው፤ ማንንም አልጎዳም። እኔ ራሴ ታሪክ ክፍለ ጊዜ ዓመቱን ሙሉ ግራ እጄን እንዳወጣሁ ነው ያለፍኩት።

አንዱ ልጅ፣ «ቲቸር፣ እዚህ ክፍል እኮ አላውቅም ማለት ይፈቀዳል» አለና ግድግዳውን አሳየኝ።

«ለእንግዳ አይፈቀድም» አልኩት። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ረቡዕ

ልምምድ። ስለ ኤሌክትሪክ ፍሰት ጠየቅኩ። ጥሩ ነው። ቆይ-ቆይ ሁለቱንም እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«አንዱን አንሺ እንጂ!»

«ቆይ… ቲቸር… እያሰብኩ ነው። ሳስብ የቱን ላንሳ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ቆሽቴ አረረ። «ግራሽን አንሺና አርፈሽ ተቀመጪ!» ብዬ ጮኽኩባት። አነሳች። ደወል እስኪደወል አላወረደችውም፤ ሆን ብላ ይሁን ረስታው እንጃ።

ምን ሆኜ ነው የጮኽኩባት?

ሐሙስ

ዳይሬክተሩ ግድግዳዬን አይቶ ዓይኑ ፈጠጠ። «‹አላውቅም› የሚል ጽሑፍ? ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ?» አለ። ከሰዓት ስገባ ላይበራሪ የነበረው «እውቀት ብርሃን ነው» የሚለው ትልቅ ፖስተር ተለጥፎበት ቆየኝ። ከታቹ የ«እንየው» መጨረሻ ብቻ ትታያለች።

ሴትዮዋ የወደደችው እሱን ነበር ልለው ፈልጌ ነበር። ደክሞኝ ተውኩት። ቢሆንም ፖስተሩ አያስጠላም።

ቅዳሜ

የሱቁ ዕቃዎች በካርቶን መጡ። የሚያበሩ፣ የሚያበርዱ፣ የሚያሞቁ። ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይሸታሉ። ዳይሬክተሩ እንዲያረጁ ትንሽ አቧራ ይነስነስባቸው አለ፤ ይሄን እንኳ እምቢ አልኩ። እምቢ ማለት እችላለሁ ለካ።

በየዕቃው ላይ «የጠገነው እገሌ» የሚል ካርድ ለጠፍን። ልጆቹ ካርዳቸውን አዩ። ያ ግድግዳ ያሳየኝ ልጅ፣ «ቲቸር፣ ይሄን እኮ አልሠራሁትም፤ የእኔ የጎረቤታችን ቴሌቪዥን ነበር» አለ።

«እንደ ናሙና ቁጠሩት። ለአንድ ቀን ነው።»

ናሙና! ኤዲያ፣ ምላሴ ስታመጣው።

ቆይ-ቆይ ስሟ ያለበትን አዲስ ካውያ አንስታ ገለበጠችው። ሆዱ ላይ ያሉትን ብሎኖች በጥፍሯ ዳሰሰቻቸው፤ ከዚያ መልሳ በቀስታ አስቀመጠችው። ጓደኛዋን፣ «ይሄ ተከፍቶ አያውቅም» ስትላት ሰማሁ።

እሑድ ማታ

ነገ ናቸው።

ራሴን ስጠይቅ ዋልኩ። ለማን ብዬ ነው? ለልጆቹ። ክፍሉ ከተወሰደ ቆይ-ቆይ የት ትገባለች? ለራሴማ ምን ይጠቅመኛል? የድርጅቱ መጽሔት ላይ ፎቶዬ ቢወጣ ባይወጣ ግድ የለኝም። ግራጫ ቀሚሴን የተኮስኩት ንጹሕ ስለሆነ ነው።

እማዬ ስተኩስ እያየችኝ፣ «ሠርግ አለ እንዴ?» አለች።

«እንግዶች ናቸው፣ እማዬ።»

«እንግዳ ሲመጣ ድሮ የተሰበረውን ብርጭቆ ነበር የምንደብቀው። እናንተ ደግሞ የምትደብቁት ምኑን ነው?»

ምን እንደነገርኳት፣ ከማን እንደሰማች አላውቅም። ምናልባት እንዲሁ ነው ያለችው።

ሰኞ

መጡ። ሄዱ። አለቀ። ማታ እጽፋለሁ።

ሰኞ ማታ

ሦስት ሆነው መጡ፤ ዋናዋ ያቺ በስልክ ያናገረችኝ ሴትዮ ናት። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ቀስ ብላ የምትራመድ፣ ደግ ፊት ያላት። ደግ ባትሆን ይሻለኝ ነበር።

ትምህርቱ አማረ። እጅ ሁሉ ይወጣል፤ ቀኙን እጠራለሁ፤ ልጁ ይመልሳል። ዳይሬክተሩ ከኋላ ቆሞ ፈገግ ብሏል። ሴትዮዋ ግድግዳውን ስትፈልግ አየኋት። «ያቺ ጽሑፍ የታለች?» አለች። «በአዲስ ቀለም ልትጻፍ ነው» አለ ዳይሬክተሩ ፈጠን ብሎ።

ከዚያ ወደ መደርደሪያው ሄደች። ይሄን አልተለማመድነውም። ካውያውን አነሳች፤ ካርዱን አንብባ በስሟ ጠራቻት። ቆይ-ቆይ ተነሳች።

«የኔ ልጅ፣ ጎበዝ ነሽ! እንዴት አድርገሽ ጠገንሽው? እስቲ አስረጂኝ።»

ቆይ-ቆይ ካውያውን ተቀበለቻት። «ቆይ… ቆይ…» አለች። ገለበጠችው። ብሎኖቹን አየች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። አስተያየቷ ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። ምን ልበል እያለች ነበር የምትጠይቀኝ። እኔ ዓይኔን መስኮቱ ላይ ተከልኩ።

«አላውቅም» አለች።

«ዓይን አፋር ናት» አለ ዳይሬክተሩ።

ሴትዮዋ ሳቅ ብላ ወደ ክፍሉ ዞረች። «እሺ፣ እናንተስ? ይሄ ካውያ እንዴት እንደተጠገነ የሚያውቅ?»

ሁሉም እጅ አወጡ። ሁሉም ግራ እጃቸውን።

ያ ሁሉ ግራ እጅ! ማንም አልሳቀ፤ ማንም አልተንቀሳቀሰ። የሚያዩት ሴትዮዋን አልነበረም። እኔን ነው። ቆይ-ቆይ ብቻ እጇን አላወጣችም፤ ካውያውን እንደያዘች ቆማለች።

«እንዴት ደስ የሚል ክፍል ነው!» አለች ሴትዮዋ። «ሁሉም ያውቃል!»

ዳይሬክተሩ ሰዓት አልቋል፣ ሻይ ተዘጋጅቷል ብሎ ይዟቸው ወጣ። እኔም ተከትዬ ወጣሁ። ሻይ ጠጣሁ። አመሰገኑኝ። አመሰገንኳቸው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምናለ!

ማክሰኞ

ዳይሬክተሩ ከድርጅቱ ተደውሎለታል፤ በጣም ወደውታል። ለሚቀጥለው ዓመት መፈቀዱ አይቀርም። መምህራን ማረፊያ ውስጥ አስጨበጨበልኝ። ኬሚስትሪ እንኳ ጨብጦኝ፣ «ላሟ ከሰማይ ወረደች» አለኝ። ደስ ሊለኝ ይገባል።

ቆይ-ቆይ ከሰዓት ወደ ክፍሉ አልመጣችም።

ረቡዕ

አልመጣችም። ክፍል ውስጥ ግን አለች። ሰላም አልኳት፤ «ደኅና ነኝ ቲቸር» አለችኝ። ደኅና ነሽ ወይ አላልኳትም ነበር።

ሐሙስ

ዕቃዎቹ ወደ ሱቅ ተመለሱ። አንዱ ብቻ ቀረ፤ ካውያው። ድርጅቱ ፎቶ አንሺ ሊልክ ነው፤ ለመጽሔቱ ሽፋን። ቆይ-ቆይ ካውያውን ይዛ። እኔ አጠገቧ ቆሜ።

ልጆቹ ደረጃው ሥር ይመጣሉ፤ ይቀመጣሉ፤ ግን ማንም የሚከፍት የለም። ያን ግራጫ ቴፕ «አላውቅም» ብለው እንዲጀምሩ ነገርኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ። ቢሆንም ፎቶው እስኪያልፍ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል።

ዓርብ

የቆይ-ቆይ አክስት መጣች።

በእረፍት ሰዓት፣ መምህራን ማረፊያ በር ላይ። እጇ ከሳሙናው ብዛት ተሸብሽቧል፤ ፌስታል ይዛለች። ሰው ፊት አላወራም ስላለች ከደረጃው ሥር ወሰድኳት።

«መምህርት፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ልጄ ሌባ ናት?»

«እንዴ! ምን ማለትሽ ነው?»

«ትምህርት ቤት ውስጥ በስሟ አዲስ ካውያ አለ አሉኝ። የጎረቤት ልጅ ናት የነገረችኝ። ከየት አመጣሽው ብዬ ጠየቅኳት፤ ዝም። ለመንኳት፤ ዝም። አስተማሪሽን ልጠይቅ ብላት፣ ‹ቲቸርን ተያት፣ እሷን አትጠይቂያት› ብላ አለቀሰች። በሞቴ እውነቱን ንገሪኝ። ድሃ ነን እንጂ የሰው ዕቃ አናነሳም።»

ልጅቷ በገዛ ቤቷ ሌባ ተብላ ስትጠረጠር እኔን ላለማጋለጥ አፏን ዘግታ ከርማለች። እኔ እኮ ጮኼባታለሁ። ዓይኔንም አዙሬባታለሁ።

«ልጅሽ ሌባ አይደለችም» አልኳት። «ካውያው የሱቅ ነው። እሷ ጠገነችው ብለን ለእንግዳ ያሳየነው እኛ ነን። ካርዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ፌስታሉን ፈታችና ያንን ካውያ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። እጀታው በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ገመዱ በሁለት ቀለም የተቀጠለ፣ ሆዱ ያብረቀረቀ። አሁንም ትንሽ ይሞቃል፤ ከሥራ ነው ያነሳችው።

«ታዲያ ይሄ እያለ?» አለችኝ።

አለቀስኩ። እሷው ናት ጀርባዬን መታ መታ ያደረገችኝ፤ ይሄም አሳፈረኝ። «በይ እኔ ደንበኛ ይጠብቀኛል» ብላ ካውያዋን ጠቅልላ ሄደች።

ዓርብ ከሰዓት

ለሴትዮዋ ደወልኩ። ከማንም ጋር አልተማከርኩም፤ ከተማከርኩ እንደማልደውል አውቃለሁ።

ሁሉንም ነገርኳት። ሱቁን፣ ካርዱን፣ ፖስተሩን። የተጠገነው ሁሉ ቤቱ እንደሄደ፣ መደርደሪያው ባዶ በመሆኑ እንደፈራሁ። አንድም ጊዜ አላቋረጠችኝም። የእጁን ነገር ስነግራት ብቻ፣ «ቀኝ የሚያውቅ፣ ግራ የማያውቅ?» አለችና ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ቆመ። «እኛም እኮ ተማሪ ሳለን እንደዚሁ ነበር። ያ ሁሉ ግራ እጅ ፊቴ ቆሞ… እንዴት ሳላውቀው ቀረሁ?» አለች።

ወረቀት ስታገላብጥ ተሰማኝ።

«በየቤቱ ወስደሽ ብታሳዪኝ ኖሮ ደስታውን አልችለውም ነበር» አለችኝ። «አሁን ግን ለኮሚቴው መናገር አለብኝ። ይገባሻል አይደል?»

«ይገባኛል።»

ስልኩን ዘግቼ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ቀለለኝ ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። አልቀለለኝም። ፈራሁ።

ማክሰኞ

ተከለከልን። ለሚቀጥለው ዓመት የለም፤ ከዚያ በኋላ እንደ አዲስ ማመልከት ይቻላል ብለዋል። ዳይሬክተሩ ዛሬ ጮኸ። «ማን ጠየቀሽ? አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አለኝ ደጋግሞ። እውነቱን ነው፤ ማንም አልጠየቀኝም። ቁልፉን ተቀበለኝ። ከሰዓት ዘበኛው የተሰባበሩትን ዴስኮች መልሶ ሲያስገባ፣ ፖስተሩ በአንድ ጥግ ተላቆ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ «አላውቅም» ትታያለች።

ረቡዕ

ለልጆቹ ነገርኳቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ክፍሉን ያስወሰድኩት እኔ ነኝ አልኩ። ቆይ-ቆይን በስሟ፣ በእውነተኛው ስሟ ጠርቼ፣ በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቅኳት።

«ቆይ… ቆይ…» አለች። ጠበቅናት። ክፍሉ በሙሉ ጠበቃት። ደወሉ ተደወለ፤ ማንም አልተነሳም።

«እሺ» አለች።

ይኸው ነው።

ዓርብ

ኬሚስትሪ ሻዩን እያማሰለ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። «ፊዚክስ፣ ቤተ ሙከራዬ ከሰዓት ባዶ ነው። አሲዴን የነካ ልጅ ግን በሕይወት አይወጣም» አለና ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። ስለ ላም ምንም አላለም።

ሰኞ ማታ

ዛሬ ጠዋት የእማዬን ሬድዮ ይዤ ወጣሁ። በር ላይ ቆማ፣ «እውነትሽን ነው?» አለችኝ። እንደዚያ ስትል ይሄን ሁሉ ጊዜ ያለ ሬድዮ በዝምታ መቀመጧ ገባኝ፤ አንድም ቀን አላማረረችም።

ከሰዓት በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ። መሣሪያዎቹን በቦርሳዬ ይዤ ገባሁ። ሕጋችንን በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፤ ስንወጣ መጥፋት አለበት። ልጆቹ አንድ ሁለት እያሉ መጡ፤ የመጡት ግማሾቹ ናቸው። ሬድዮውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ የእናቴ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ነገ ነገ ስላት የከረምኩት ነው አልኳቸው።

በሩ ተከፈተ። ቆይ-ቆይ ናት። ቦርሳዋን አስቀምጣ መጣችና ሬድዮውን ከየአቅጣጫው አየችው። ጆሮዋን አስጠግታ ነቀነቀችው። እንደ ድሮው ጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀት ዘረጋች፤ ለብሎኖቹ።

«ቲቸር፣ ምን ሆኖ ነው?»

ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። አስተማሪ ነኝ፤ ስለ ሬድዮ ሞገድ አንድ ምዕራፍ ሙሉ አስተምራለሁ። ልናገር አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት።

ግራ እጄን አወጣሁ።

አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ቆይ-ቆይ አልሳቀችም። እጄ እስኪወርድ ጠበቀችና ካቻቢቴውን ከፊቴ አነሳች።

«እንየው» አለች።